አዲስ መቀመጫ በአሮጌ ቱቦ ላይ

ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

በገበሬ ማኅበራት ጽሕፈት ቤቶች፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘኖችና በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከሎች የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻ አጀንዳ ነው። ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ቀኑን ሙሉ ከተመከረ በኋላ፣ ሰው ሊበተን ሲነሣ «የሽንት ቤቱስ ነገር?» የሚል ድምፅ ከወደ ኋላ ይሰማል። ጥያቄውን የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች አባላት ናቸው። ወንዱ ከአጥር ጀርባ ዞር ሲል፣ እነርሱ ማዳበሪያ ታድሎ እስኪያልቅ ከጠዋት እስከ ማታ ታግሠው ይቆማሉና።

አንድ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ይህን ጥያቄ ለመመለስ ተነሣ። ማኅበሩ በወረዳው ከተማ ለጽሕፈት ቤትና ለመጋዘን የሚገለገልበት ቤት ዕድሜው የገፋ ሲሆን፣ በጓሮው በኩል መቀመጫው የተሰባበረ መጸዳጃ ቤት ነበረው። አባላቱ ገንዘብ መደቡ። ሊቀ መንበሩ አዲስ አበባ መጥተው ነጭ የሴራሚክ መቀመጫ ገዝተው ሄዱ። መቀመጫው በአሮጌው ቱቦ አፍ ላይ ተቀመጠ፤ ዙሪያው በሲሚንቶ ተለሰነ፤ ውሃ ተለቀቀ፤ ውሃውም ሄደ። ሁሉም ተደሰተ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማዳበሪያ በሚታደልበትና ሕዝብ በተሰበሰበበት ቀን፣ ሄደ የተባለው ሁሉ ተመለሰ። ፍሳሹ በመቀመጫው ሥር ፈንቅሎ ወጣና በበሩ ሥር አልፎ መጋዘን ገባ። ከታች ተደርድረው የነበሩ የምርጥ ዘር ከረጢቶች ራሱ። ለማሳ የታሰበው ዘር ለዘርም ለምግብም የማይሆን ሆኖ ተጣለ። ጉዳቱ የመቀመጫውን ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር።

ይህ ጸሐፊ ነገሩን የሰማው፣ ሊቀ መንበሩ መቀመጫውን ለመቀየር ዳግመኛ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ነው። «ዕቃው ብልሽት ያለበት ነው፤ ሌላ እንገዛለን» ይሉ ነበር። መርካቶ ወርደን የማኅበሩን ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ ከማውጣታችን በፊት ሥራውን የሚያውቅ ሰው እናነጋግር ብለን ወደ ደምበል አመራን።

አሮጌ ቱቦ ያለበት ሰፈር

ደምበል፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው በአፍሪካ ጎዳና ላይ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ነው። ዛሬ በትልቁ የገበያ ሕንፃ ይታወቃል። ከእርሱ በስተሰሜን ያለው ካዛንቺስ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከቤት ሥራ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ድርጅት «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዛ» በጣሊያንኛ ቤት ማለት ነው። «ካዛ ኢንቺስ» በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ አካባቢ ቤት በቤት ላይ ሲቀጠል ኖሯል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ በኋላ፣ ለአንድ ቤተሰብ ታስቦ በተሠራ ግቢ ብዙ ቤተሰብ መኖሩ የተለመደ ሆነ። የሰዉ ቁጥር ሲጨምር ከመሬት በታች ያለው ቱቦ ግን ያው ነበር። ከካዛንቺስ አሮጌ መንደሮች ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ፈርሰዋል። በቂርቆስ ውስጥ ግን አሮጌ ግቢዎች ዛሬም አልጠፉም፤ በእነዚህ ግቢዎች አዲስ መቀመጫ ከአሮጌ ቱቦ ጋር ማገናኘት የዘወትር ሥራ ነው። የወረዳ ከተሞች አሮጌ ቤቶችም ችግራቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ከዚህ ሰፈር የሚገኘው ትምህርት ለገበሬ ማኅበራትም የሚጠቅም ነው።

ከደምበል ጀርባ ካሉት ግቢዎች በአንዱ አንድ በዕድሜ የገፉ የቧንቧ ሠራተኛ በዚሁ ሥራ ላይ አገኘናቸው። አዲሱ መቀመጫ ከነካርቶኑ በግድግዳ ጥግ ቆሟል። እርሳቸው ግን ወደ መቀመጫው አላዩም፤ በግቢው መካከል ያለውን የማንሆል ክዳን በዲጅኖ እያነሡ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ከሰላምታ በኋላ ችግራቸውን አስረዱ። «ጋሼ፣ ገንዘቡ የእኔ አይደለም፤ የአባላት ነው። የትኛው ዓይነት መቀመጫ ይሻላል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሊቀ መንበር፣ መቀመጫ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው» አሏቸው ሠራተኛው። «ከሁሉ በፊት ቱቦው ይመረመራል። የእርስዎ ቱቦ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ?»

ሊቀ መንበሩ ዝም አሉ። አያውቁም ነበር።

መጀመሪያ ውሃውን መከተል

ሠራተኛው በባልዲ ውሃ ኖራ በጥብጠው በአሮጌው ቱቦ አፍ ላይ አፈሰሱ። እኛን ማንሆሉ አጠገብ አቁመው ነጩ ውሃ የሚደርስበትን ጊዜ እንድንጠብቅ አዘዙ። ባልዲ ሙሉ ውሃ በደህና ቱቦ ውስጥ ተጠራርጎ በአንድ ጊዜ መድረስ ይገባዋል። የመጣው ግን እየተንጠባጠበ ነበር፤ ከግማሽ የሚበልጠውም ውስጥ ቀረ።

ሊቀ መንበሩ ይህን ጊዜ ፈገግ አሉ። «ይህማ የመስኖ ቦይ ነው! ደለል የሞላው ቦይ ላይ አዲስ ፓምፕ ብንተክል ውሃው ዳር ዳሩን ይወጣል እንጂ ማሳው አይደርስም» አሉ። ሠራተኛውም «ገብቶዎታል» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በዚያ ቱቦ ላይ የተገኘው ጉድለት ሦስት ነበር። አንደኛ፣ ቱቦው የድሮ የብረት ቱቦ በመሆኑ ውስጡ ዝጎ ጠቧል። ሲተከል ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል የነበረው የውስጥ ስፋቱ አሁን እጅ የማያሳልፍ ሆኗል። ሁለተኛ፣ የጣሪያው አሸንዳ ከዚሁ ቱቦ ጋር ተገናኝቶ ተገኘ። በክረምት የጣሪያው ውሃ ቱቦውን ሲሞላው ፍሳሹ መሄጃ አጥቶ በመቀመጫው በኩል ይመለሳል። ሦስተኛ፣ ወደ ጣሪያ የሚወጣው የአየር ማስወጫ ቱቦ በወፍ ጎጆ ተደፍኗል።

የአየር ማስወጫው ነገር ለብዙ ሰው ትርፍ ይመስለዋል። ሆኖም እያንዳንዱ መቀመጫ በጉሮሮው ውስጥ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ውሃ ሁልጊዜ ይይዛል። ከጉድጓዱ የሚመጣውን ሽታና ጋዝ የሚያግደው ይህ ውሃ ነው። ብልሃቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1775 አንድ ሰዓት ሠሪ፣ አሌክሳንደር ከሚንግ፣ በለንደን የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ነው። ቱቦው አየር ካላገኘ የሚወርደው ፍሳሽ ይህን ውሃ ስቦት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ይሸታል። ሰው ግን መቀመጫውን ይወቅሳል።

ከዚህ በኋላ ማገናኘት

ሠራተኛው የብረቱን ቱቦ ደህና ክፍል እስኪያገኙ ድረስ አስቆፈሩ። ከመቁረጣቸው በፊት በግድግዳው ላይ የቆመውን የላይኛውን ክፍል በብረት ማቀፊያ አሠሩት። የድሮ የብረት ቱቦ ከባድ ነው፤ ከሥሩ ሲቆረጥ የላዩ ወርዶ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ቱቦው የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በደረቁ በመጋዝ መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ብናኙ ሳንባን ለከባድ በሽታ ይዳርጋልና።

ቀጥሎ ያሉትን ነጥቦች የማኅበራት መሪዎች ሥራ በሚቆጣጠሩበት ጊዜ ልብ ሊሏቸው ይገባል።

መቀመጫ ሁለት ዓይነት መውጫ አለው። አንዱ ወደ ግድግዳ፣ ሌላው ወደ ወለል ያወጣል። የአሮጌው ቱቦ አፍ በየት በኩል እንደሆነ፣ ወደ ወለል የሚገባ ከሆነም ከተለሰነው ግድግዳ እስከ ቱቦው መካከል ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ለክቶና በወረቀት ጽፎ ወደ ገበያ መሄድ ያስፈልጋል። ሳይለኩ የተገዛ መቀመጫ ጠማማ መታጠፊያ ይፈልጋል፤ ጠማማ መታጠፊያ ደግሞ የመደፈኛ ቦታ ነው።

የዛሬው የፕላስቲክ ቱቦ የውጭ ስፋት 110 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው ብረት ልኩ ከዚህ የተለየ በመሆኑ አንዱ በሌላው ውስጥ በትክክል አይገጥምም። ብዙዎች ክፍተቱን በሲሚንቶ ይሞሉታል። ሲሚንቶ ከፕላስቲክ ጋር አይያያዝም። ፕላስቲኩ በሙቀትና በብርድ ሲለጠጥና ሲኰማተር ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ ፍሳሹም በመሠረቱ ሥር መንጠባጠብ ይጀምራል። የሚገባው ለሁለቱ ልክ የተሠራ፣ በብረት ቀበቶ የሚጠብቅ የጎማ ማያያዣ ነው።

ቱቦ ወደ ታች በሄደ ቁጥር ሊሰፋ ይችላል እንጂ ሊጠብ አይገባም። አዲሱ ቅርንጫፍ ከተኛው ዋና ቱቦ ጋር ሲገናኝ ፍሳሹ ወደሚሄድበት አቅጣጫ አጋድሎ መግባት አለበት፤ በቀጥታ ተፋጥጦ ከገባ ፍሳሹ ከተቃራኒው ግድግዳ ጋር ተላትሞ ይረጋል። ቁልቁለቱም በውሃ ልክ መፈተሽ ይኖርበታል። ለእንዲህ ያለ ቱቦ በአንድ ሜትር ርዝመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ በቂ ነው።

የውሃው መጠንም መታሰብ አለበት። የድሮ መቀመጫዎች በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ሊትርና ከዚያ በላይ ይለቁ ነበር። የዛሬዎቹ ስድስት ሊትር፣ ለሽንት ብቻ ሲሆን ደግሞ ሦስት ሊትር ያህል ይለቃሉ። ውሃ መቆጠቡ መልካም ነው። ሻካራ በሆነ ረጅም አሮጌ ቱቦ ውስጥ ግን ትንሽ ውሃ ቆሻሻውን መንገድ ላይ ጥሎት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አሮጌው ቱቦ ካልታደሰ ውሃ ቆጣቢው መቀመጫ ችግር ሊያመጣ እንደሚችል መገንዘብ ያሻል።

በመጨረሻ ሠራተኛው አሸንዳውን ከቱቦው ለይተው ወደ ዝናብ ውሃ ቦይ መለሱት፤ የአየር ማስወጫውንም አጸዱ። መቀመጫው በቦታው ሲቀመጥ ወረቀት እየጨመሩ ሦስት ጊዜ ውሃ ለቀቁ፤ ሦስቱንም ጊዜ በማንሆሉ በኩል ማለፉን አየን። ጉድጓዱ የተሸፈነው ይህ ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ቱቦው የሚደርስበት ቦታ

የዚህ ግቢ ቱቦ ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባን ፍሳሽ የሚያጣሩ ኩሬዎች በቃሊቲ ተሠርተው ነበር። ባለፉት ዓመታትም በዚያው ቦታ በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የታቀደ አዲስ ማጣሪያ ተተክሏል። ሆኖም ከዋናው መስመር ጋር ያልተገናኘው ቤት ገና ብዙ ነው። ጉድጓድ ያለው በፍሳሽ መምጠጫ መኪና ያስነሣል። ሌላው ደግሞ በድብቅ ቱቦውን ወደ ዝናብ ውሃ ቦይ ይሰዳል።

ይህ የመጨረሻው ድርጊት የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዝናብ ቦይ የገባው ቆሻሻ ሳይጣራ ወንዝ ይገባል። በዚህ አካባቢ የሚያልፈው ባንትይቀጡ ከቀበና ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ወደ ታላቁ አቃቂ ይወርዳል። ታላቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ተገናኝተው አዋሽ ይገባሉ። በእነዚህ ወንዞች ዳር ጎመን፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። በባዶ እግራቸው ውሃ የሚመሩት እነርሱ ናቸው፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ እንደሚችል የታወቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአዲስ አበባ በተነሣ ጊዜም ሕዝቡ ጥሬ አትክልት ከመብላት እንዲጠነቀቅ ሲመከር እንደነበር ይታወሳል።

አዲስ መቀመጫ በአሮጌ ቱቦ ላይ ማገናኘት ትልቅ ከተማን እንኳ የጎዳበት ጊዜ አለ። የለንደን ነዋሪዎች በውሃ የሚጠረገውን መጸዳጃ ባበዙ ጊዜ፣ ለዝናብ ውሃ ብቻ ከተሠሩት አሮጌ ቦዮች ጋር አገናኙት፤ ቦዮቹም ሁሉን ወደ ቴምዝ ወንዝ ወሰዱት። ብዙው ሰው የሚጠጣው ከዚያው ወንዝ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ዶክተር ጆን ስኖው በአንድ ሰፈር የተነሣው ኮሌራ ከአንድ የውሃ ጉድጓድ የመጣ መሆኑን አሳየ። በ1858 የወንዙ ግማት የፓርላማውን ስብሰባ እስከ ማወክ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ነው በኢንጂኒየር ጆሴፍ ባዛልጌት መሪነት ለፍሳሹ የሚገባው መስመር የተሠራው። መቀመጫው ቀድሞ መስመሩ የተከተለ በመሆኑ በመካከሉ ብዙ ሕይወት ጠፋ።

ለማኅበራት መሪዎች

በገጠር የከተማ የፍሳሽ መስመር የለም። ስለዚህ ማኅበራት በውሃ የሚጠረግ መቀመጫ ከመግዛታቸው በፊት ሁለት ጥያቄ መመለስ አለባቸው። ውሃው ዓመቱን ሙሉ ይገኛል? ፍሳሹስ የት ይደርሳል?

ዘላቂ ውሃ ከሌለ መቀመጫውን መተው ይሻላል። የአየር ማስወጫ ቱቦ ያለው፣ ቱቦውም ጫፉ ላይ የዝንብ ወንፊት የታሰረበት ደረቅ ጉድጓድ፣ ውሃ ከሌለው የሴራሚክ መቀመጫ ይልቅ ንጹሕ ነው። ይህ ዓይነት መጸዳጃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ በዛሬዪቱ ዚምባብዌ ተቀይሶ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተሠራበት ነው። በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በቦታ መረጣው ሊረዱ ይችላሉ።

ውሃ ካለ ፍሳሹ የሚገባበት ጉድጓድ ውሃ የማያሳልፍና ሁለት ክፍል ያለው መሆን አለበት። ዝቃጩ በመጀመሪያው ክፍል ይቀራል፤ ውሃው በሁለተኛው በኩል ወደ መስረጊያ ጉድጓድ ያልፋል። መስረጊያው ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ማለት ይገባዋል። የከርሰ ምድር ውሃ በክረምት ከፍ እንደሚል መዘንጋት የለበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አጥብቆ መነገር አለበት። የሞላ ጉድጓድ ውስጥ ለማጽዳት ሰው አይግባ። በውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ በጥቂት ትንፋሽ ሰው ይጥላል፤ የወደቀውን ለማውጣት የሚገባውም አብሮ ይቀራል። በጉድጓዱ አፍ ላይ ክብሪት መጫር ወይም ሲጋራ ማጨስም አደጋ ያመጣል። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ፣ ጉድጓዱ ከመሙላቱ በፊት በመምጠጫ መኪና ማስነሣት ይበጃል።

ሊቀ መንበሩ የዚያን ዕለት መርካቶ ወርደው መቀመጫ አልገዙም። የገዙት ሜትሮ፣ ውሃ ልክና ሁለት የጎማ ማያያዣ ነበር። ወደ ቦታቸው ተመልሰው በአባላት ስብሰባ ላይ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የቱቦውን ጫፍ ሳላይ ገንዘባችሁን አወጣሁ» ብለው ተናገሩ። ከዚያም ኖራ በጥብጠው ውሃውን ተከተሉ። ቱቦው መካከሉ ላይ ጎብጦ ወደ ኋላ ያጋደለ፣ መጨረሻውም ከብዙ ዓመት በፊት የሞላ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። አባላቱ በጉልበታቸው አዲስ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ግንበኛ ቀጥረው አስገነቡት፤ ቱቦውንም ከሥሩ ለወጡ። በመጋዘኑ በር ሥርም ከፍ ያለ ደፍ ተሠራ።

በላዩ የተቀመጠው ያው የመጀመሪያው ነጭ መቀመጫ ነው። ታጥቦ ተመለሰ። ብልሽት አልነበረበትም።